የመምህር በቃሉ ይመር የሕይወት ታሪክና ሳይታረም የኖረው ዜሮ

መምህር በቃሉ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነቡ አስፋው በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በቦረና አውራጃ፣ ጭሮ ውሃ በሚባል የገጠር ቀበሌ ጥር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሦስት ልጆች በጨቅላነታቸው ስላረፉ፣ እናታቸው «እግዚአብሔር በቃሉ ሰጠኝ» ሲሉ ስሙን አወጡላቸው።

ፊደል የቆጠሩት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዳዊት ሲደግሙ አንደበታቸው እንደ ውሃ ስለሚፈስ፣ የሰፈሩ ሰው «ይሄ ልጅ ጠበቃ ካልሆነ ምን አለ በሉኝ» ይል ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአውራጃው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በደሴ ከተማ ተከታትለዋል። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሂሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። መምህር በቃሉ ስለ ሦስት ማዕዘን በመጽሐፉ የተጻፈውን ከነነጥቡ ሸምድደው፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንዲት ቃል ሳይገባቸው፣ ክፍሉ ፊት ቆመው ሲወጡት ዘጠና ከመቶ ተሰጣቸው። ይህን ታሪክ እቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግረውታል! ልጆቻቸውም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን አያስቅም፤ የኋላው ጥፋት ሁሉ ሥሩ እዚያ ነበርና። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማወቅ ማለት መናገር መሰላቸው።

በ1965 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በዚያው በወሎ ለዐሥራ አንድ ዓመት አስተማሩ። በ1977ቱ ድርቅ እናታቸውን በመጠለያ ውስጥ ቀብረው፣ ከሠፋሪው ሕዝብ ጋር በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭነው በዚያው ዓመት በጥር ወር አሶሳ ወረዱ። በእጃቸው የነበረው አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው። በጊዜው አጠራር ወለጋ ክፍለ ሀገር፣ አሶሳ አውራጃ፣ በአንደኛው የሠፈራ አምባ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር ሆነው ተመደቡ። የአምባውንም የትምህርት ቤቱንም ስም ይህ ጽሑፍ አያነሳም። ጥፋቱ የእርሳቸው እንጂ የትምህርት ቤቱ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃል። የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ሲነበብ ሟች ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ታታሪ እየተባለ ማለፉ ልማድ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ኤጀታም ጽሑፉን አስቀድመው አይተው «ሬሳ ፊት ገመና አይዘረገፍም፣ ይሄን አውጡት» ብለው መክረዋል። ምክራቸው ከፍቅር ነው። ነገር ግን መምህር በቃሉ ራሳቸው በሕይወት እያሉ «ይነበብ?» ተብለው ሲጠየቁ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ብለዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ይህን የምትጽፈው ልጃቸው ጸሐይ የአባቷን ፈቃድ ከመፈጸም ሌላ የምታደርገው የላትም።

ትምህርት ቤቱ የተሠራው የበርታ ገበሬዎች ያርሱት በነበረ መሬት ላይ ነበር። ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱ አቶ ሐመድ፣ መሬታቸው በተወሰደ በዓመቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን ሰዕዲያን በእጃቸው ይዘው መጡ። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የምትልክ ቤት በአካባቢው ከጣት ቁጥር አይበልጥም ነበር። አቶ ሐመድ አማርኛ የለመዱት በገበያ ነውና እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ ልጄ አመጣሁ። ሂሳብ ቤት ያውቃል። አንተ ቋንቋ ስጠው።»

መምህር በቃሉ ግን ቋንቋ አልሰጧትም። ቋንቋ ጠየቋት።

በክፍላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። የሂሳብ መልስ ያገኘ ተማሪ ተነስቶ፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በጥሩ አማርኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ መናገር አለበት። «አብራራ!» ይሉታል። ካብራራ ዐሥር ከዐሥር። ቁጥሩን ጽፎ ማብራራት ካቃተው ከጎረቤቱ ቀድቷል ማለት ነውና ዜሮ። የሠፋሪዎቹ ልጆች አማርኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ስለሆነ እየተነሱ ያንበለብሉታል። የበርታ ልጆች ደግሞ ወረቀቱ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ያስቀምጡና ሲነሱ መሬት መሬት ያያሉ። መምህሩ በየጊዜው አንድ ተረት ነበራቸው፦ «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል!» የበርታ ልጆች ጤፍ ሲቆላ አይተው እንደማያውቁ እንኳ ትዝ አላላቸውም። ጥያቄዎቹም ሁሉ ስለ ጥማድ በሬና ስለ ሞፈር ነበሩ፤ በመቆፈሪያ ለሚያርስ ሰው ልጅ!

በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሳይገባ አንድ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍል በቀርከሃ እንዲሠራ ተወሰነ። መምህር በቃሉ ሥራውን ሰዕዲያ በዕድሜዋ ለገባችበት ለአራተኛ ክፍል ፈተና አደረጉት። የክፍሉ ዙሪያ ሠላሳ ስድስት እርምጃ ነው፤ ለአንዱ እርምጃ ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ይቆማል፤ የአንድ ቀርከሃ ርዝመት የግድግዳው ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፤ ስንት ቀርከሃ ይቆረጣል? ሠላሳ ስድስት በዐሥራ ሁለት ሲባዛ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ቁራጭ ይሆናል። ይህ ለሦስት ሲካፈል አንድ መቶ አርባ አራት። የሠፋሪ ልጆች እንዲህ ብለው አብራርተው ዐሥር ዐሥር አገኙ።

የሰዕዲያ ወረቀት ላይ ግን የነበረው 216 ብቻ ነው።

«ተነሺ! አብራሪ!» አሏት። ልጅቷ ተነሳችና «ሦስት የለም፤ ሁለት ነው» አለች። «ለምን?» «ላዩ…» አለች፤ «ላዩ…» ቃሉ ጠፋባት። እጇን ወደ ላይ አንስታ ጣቶቿን አጠበበች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ነገር ይዛ ለመምጣት ወደ በሩ ስትራመድ መምህሩ አለንጋቸውን በሩ ላይ አጋደሙት። «ሂሳብ ከደጅ አይመጣም! በአፍሽ ተናገሪ!» ሰዕዲያ መናገር አልቻለችም። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ተሰጣት። ወረቀቷም ለተማሪ እንዳይመለስ ተብሎ እርሳቸው ዘንድ ቀረ።

አንድ መቶ አርባ አራት ቀርከሃ ተቆረጠ። ግድግዳው ሲቆም ከሦስቱ ወገን ደረሰና አራተኛው፣ ረጅሙ ጎን፣ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሙሉ ባዶውን ቀረ። የቆላ ቀርከሃ ላዩ ቀጭን ነው፤ ከሦስተኛው ቁራጭ ዱላ እንኳ በቅጡ አይወጣም። ከአንዱ የሚገኘው ሁለት ብቻ ነው። ይህን ከደጋ የመጡት መምህር አያውቁም፤ በቀርከሃ ቤት የተወለደች ልጅ ግን ታውቃለች። ሰባ ሁለት ቀርከሃ ተጨምሮ ሲቆረጥ ድምሩ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ሞላ። አንድም አላነሰ፣ አንድም አልበለጠ።

መምህር በቃሉ ያን ጊዜ አወቁ። አላወቁም ብሎ ማለፍ ለልጆቻቸው ይቀላቸው ነበር፤ ነገር ግን አወቁ። አቶ ሐመድ ግድግዳውን ሲያቆሙ ውለው አመሻሽ ላይ ቀረብ ብለው «ልጄ ነግሮሃል አይደለም?» ሲሉ ጠየቁ። በዙሪያው የአምባው ሊቀመንበርና ሠፋሪዎች ቆመዋል። መምህሩ «ኧረ፣ ምንም አልነገረችኝም» አሉ። አቶ ሐመድ የመምህር ቃል ነውና አመኑ። እቤታቸው ገብተውም «አፍ የለህም ወይ? ሰው ሁሉ በከንቱ ደከመ» ብለው ልጃቸውን ገሠጹ። ሰዕዲያ ያን ለታ እራት አልበላችም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ያንን ዜሮ ማረም የማታ ሥራ እንኳ አይሆንም ነበር፤ አንዲት ደቂቃ ይበቃዋል። ግን ያቺን ልጅ ባዩ ቁጥር ግድግዳው ስለሚታወሳቸው ሊያይዋት አልፈለጉም። በ1979 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ላይ አስቀሯት። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና አስቀሯት፤ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ከተቀመጠች የትምህርት ቤቱን ውጤት ታወርዳለች ብለው። ከእርሷ ጋር ሌሎች ዘጠኝ የበርታ ልጆችም ቀሩ። ለፈተና የቀረቡት ሠላሳ አንዱ በሙሉ አለፉ። መምህር በቃሉም አሶሳ ላይ በስብሰባ ፊት አርአያ መምህር ተብለው የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። ያ ወረቀት በመስታወት ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፣ ልጆቻቸው በኩራት ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። ምን ያህል ያሳፍራል!

ሰዕዲያ በ1981 ዓ.ም. ትምህርቷን ተወች። በዓመቱም ተዳረች።

መምህር በቃሉ በ1979 ዓ.ም. የባምባሲ ነዋሪ የሆኑትን የአቶ ነገራን ልጅ ወ/ሮ ሰንበቴን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ጸሐይንና ዲማን ወልደዋል። ወ/ሮ ሰንበቴ ልጆቻቸውን መቁጠር ያስተማሩት በአፍ መፍቻቸው በኦሮምኛ ነው። ጸሐይ አንደኛ ክፍል ገብታ በአማርኛ የመደመር ጥያቄ ሲሰጧት ስትደናገር፣ መምህር በቃሉ ተቆጡ። ወ/ሮ ሰንበቴ ከጓዳ ሆነው «አንተ ሰውዬ፣ የምትጠይቃት የምታውቀውን ነው ወይስ የማታውቀውን?» አሏቸው። መምህሩ ለብቻቸው ወጥተው ደጅ ተቀመጡ። ያን ቀን ምን እንዳሰቡ ሚስታቸው የገባቸው ዘንድሮ ነው።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ አመላቸው መለወጡን የሥራ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። አለንጋውን ጣሉ። «አብራራ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ልጆች በጠጠርም፣ በእንጨትም፣ በራሳቸው ቋንቋም ቢሠሩ ይቀበሉ ጀመር። በርታኛ ቁጥር እስከ መቶ ተምረው የበርታ ተማሪዎቻቸውን ያስቁ ነበር። በኋላ ዘመን ያስተማሯቸው «ደግ መምህር» የሚሏቸው በዚህ ነው፤ ውሸታቸውን አይደለም። ነገር ግን ደግነት ለኋለኞቹ እንጂ ለፊተኞቹ አልደረሰም። ስለ ፊተኞቹም ለማንም አልተናገሩም።

ወ/ሮ ሰዕዲያ ሐመድ ከባለቤታቸው ጋር አሶሳ አጠገብ ይኖራሉ። በአካባቢው ቤት የሚሠራ ሰው ቀርከሃ ከመቁረጡ በፊት እርሳቸውን ሳያማክር አይቆርጥም፤ ዙሪያውን በእግራቸው ዞረው፣ ዝም ብለው ቆመው፣ ቁጥሩን ይናገራሉ። ስተው አያውቁም ይባላል። መምህር በቃሉ ይህን ሰምተው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ሊናገሩ ይሄዳሉ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ያ ሁሉ አንደበት ይተሳሰራል። «እንዲያው ማንጎ ካላችሁ ብዬ ነው» ይላሉ። ወ/ሮ ሰዕዲያም ማንጎ ሞልተው ይሰጧቸዋል። ወ/ሮ ሰንበቴ «እኛ ጓሮ ማንጎ እየበሰበሰ ሰው አገር አቋርጦ ማንጎ ያመጣል? ምን ጉድ ነው!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ለማንጎ አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. ከአርባ ዓመት ያልተናነሰ አገልግሎት ፈጽመው በጡረታ ተገለሉ። ከዚያ በፊት በዓመቱ ይሁን በሁለት ዓመቱ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አውርደው የት እንዳደረጉት አልታወቀም። ልጃቸው ዲማ ሲጠይቃቸው «አቧራ በላው» አሉት።

ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም. መምህር በቃሉ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰለለ፤ ንግግራቸው ጨርሶ ጠፋ። አእምሯቸው ግን ነበር። ጸሐይ ይህን ያወቀችው በሂሳብ ነው። «አባዬ፣ ዘጠኝ ጊዜ ስምንት?» ስትላቸው በግራ እጃቸው መጀመሪያ ሰባት፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ጣታቸውን አነሱ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። ቤተሰቡ በደስታ መሰለው።

በጥር ወር እስክሪብቶ እንዲሰጣቸው በምልክት ጠየቁ። ፊደል መጻፍ አልቻሉም፤ ቁጥር ግን ቻሉ። በግራ እጃቸው አጣመው 216 ብለው ጻፉ። በማግስቱም 216። በየቀኑ 216። ልጆቻቸው የባንክ ቁጥር ነው፣ የሰው ስልክ መጀመሪያ ነው፣ የሆስፒታል ካርድ ነው ሲሉ ሰነበቱ። ዲማ ከመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ሲፈልግ ዋለ። ሰው እንዲህ ከገዛ አባቱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እየኖረ ምንም አያውቅም።

የካቲት 20 ቀን ወ/ሮ ሰዕዲያ «መምህር ታመመ አሉ» ብለው፣ ማንጎ በዘንቢል ይዘው፣ ከልጃቸው ከማሪያም ጋር ለጥየቃ መጡ። አልጋው አጠገብ የተቀመጠውን ወረቀት አዩት። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጡና ወንበር ሳቡ። ከዚያ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ በሩ፣ አባታቸው ስለ ጠየቁትና ስለ ተሰጣቸው መልስ፣ በቤተሰቡ ፊት ተናገሩ። አማርኛቸው ዛሬ ከማንም አያንስም። መምህር በቃሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ወ/ሮ ሰንበቴ «በቃሉ፣ እውነት ነው?» ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በግራ እጃቸውም ከአልጋው ሥር ወዳለው የእንጨት ሳጥን ጠቆሙ። በሳጥኑ ውስጥ የምስክር ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ፣ ከሥሩም የሰዕዲያ የፈተና ወረቀት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ!

ወ/ሮ ሰዕዲያ ወደ መምህሩ ጎንበስ ብለው «መምህር፣ ልትነግረኝ የምትመጣው ይሄንን ነበር?» አሉ። ነቀነቁ።

«አብራራ» አሏቸው።

ጸሐይ ተቆጥታ ልትነሳ ስትል እናቷ ያዟት። መምህር በቃሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከጉሮሯቸው ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም። እንደገና ሞከሩ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ ጣቶቻቸውን አጠበቡ፣ ምራቃቸው በጉንጫቸው ወረደ። ወ/ሮ ሰዕዲያ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላቸውና «እንደዚህ ነበር» አሉ። «እኔ ያን ቀን እንደዚህ ነበርኩ።»

መምህሩ እስክሪብቶ ጠየቁ። ጸሐይ የፈተና ወረቀቱን በመጽሐፍ ላይ አድርጋ ያዘችላቸው። ከቀዩ ዜሮ ፊት፣ ብዙ ጊዜ ፈጅተው፣ አንዲት የተጣመመች ጭረት አቆሙ። ዐሥር ሆነ። ወ/ሮ ሰዕዲያ ወረቀቱን ተቀብለው ለልጃቸው ለማሪያም አሳዩ። ማሪያም ዘንድሮ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት።

«ዘገየ» አሉ። ማንጎውን ትተው ሄዱ።

መምህር በቃሉ ይመር በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ግንቦት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በባምባሲ ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። በሞት የተለዩዋቸው ባለቤታቸው ወ/ሮ ሰንበቴ ነገራ፣ ልጆቻቸው ጸሐይ በቃሉና ዲማ በቃሉ፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆች ናቸው። አቶ ሐመድ ግን እውነቱን ሳይሰሙ ከስድስት ዓመት በፊት ሞተዋል። ልጃቸው ለመምህሩ ነግራቸው እንደነበር አላወቁም።

ወ/ሮ ሰዕዲያ ዛሬ እዚህ ቀብር ላይ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ይቅር አሏቸው ወይስ አላሏቸውም፣ ቤተሰቡ አልጠየቀም፤ ለመጠየቅም ፊት የለውም። ከእርሳቸው ጋር የቀሩት ዘጠኙ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ አናውቅም። በመካከላችን ካላችሁ፣ እያወቃችሁ አታውቁም ተብላችኋልና፣ በአባታችን ስም ጎንበስ ብለን ይቅርታ እንለምናችኋለን።

እናንተም ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። የልብን ነገር ያለ ቋንቋ የሚያነብ አምላክ የመምህር በቃሉን ነፍስ ይማር፤ በፊቱም ሲቆሙ፣ አብራራ ሳይላቸው ይቀበላቸው።